ለምን ይገለበጣል?

ወገኖቼ፣ ሃያ አንድ ዓመት ሒሳብ ያስተማረ አንድ ሰው ነበር። ፈጣን ነው። ጥያቄው ተነብቦ ሳያልቅ መልሱን ሰሌዳው ላይ ያሰፍረዋል። ተማሪዎቹ «እሱ እኮ ማሽን ነው» ሲሉ ይሰማና ደስ ይለዋል። ማንን ደስ አይለው?

አንድ ዓመት ትርሲት የምትባል ወጣት መምህርት መጣችና ከጎኑ ያለውን ክፍል ያዘች። እሷ አትቸኩልም። አንዱን ተማሪ ሰሌዳው ፊት ታቆማለች፤ ሌላው ከመቀመጫው ሆኖ ደረጃ በደረጃ ያዘዋል። የቆመው የታዘዘውን ብቻ ነው የሚሠራው። አዛዡ አንድ ደረጃ ከዘለለ ስሌቱ ገደል ይገባል፣ ክፍሉ በሳቅ ይፈርሳል። ከዚያ እንደገና ይጀምራሉ፤ ከእያንዳንዱ ደረጃ ጎንም «ለምን» ብለው ምክንያቱን ይጽፋሉ።

ሳቁ ግድግዳውን አልፎ ይመጣል። ሰውየው ጠመኔውን እንደያዘ ይቆማል። በሒሳብ ክፍለ ጊዜ ይሳቃል እንዴ? ይባስ ብሎ የራሱ ተማሪዎች በእረፍት ሰዓት ደብተራቸውን ይዘው ወደ እሷ መሄድ ጀመሩ። አያችሁ፣ ማንም አልሰደበውም። ማንም ከቦታው አላነሣውም። ምሳው ግን አልወርድለት አለ።

አንድ ቀን ሰውየው ወደ ርዕሰ መምህሩ ቢሮ ገባ። «ለልጆቹ አስቤ ነው፤ ትርሲት ከዕቅዱ ሦስት ምዕራፍ ወደ ኋላ ቀርታለች» አለ። ሦስት አልነበረም፣ አንድ ነው። ለልጆቹም አላሰበም። ርዕሰ መምህሩ ክፍሏን ለእሱ ሰጠው፤ እሷን ቤተ መጻሕፍት መደባት።

ደስ አለው? አዎ፣ እስከ ማግስቱ።

በማግስቱ ክፍሏ ገብቶ «ለክፍልፋይ ስናካፍል ገልብጠን እናባዛለን» አለ። ንግሥት የምትባል ልጅ እጇን አወጣች።

«ቲቸር፣ ለምን ይገለበጣል?»

«ሕጉ ነው።»

«ሕጉስ ለምን እንደዚያ ሆነ?»

ልጅቷ የጠየቀችው ለመዳፈር አልነበረም። ክፍሉ በሙሉ ምክንያቱን ሊጽፍ እስክሪብቶውን ይዞ ይጠብቃል። ሰውየው ወደ ሰሌዳው ዞሮ ያንኑ ሕግ እንደገና ጻፈው። ሃያ አንድ ዓመት ሲገለብጥ ኖሮ፣ ለምን እንደሚገለብጥ አያውቅም!

ደወሉ ሲደወል በቀጥታ ቤተ መጻሕፍት ሄደ። ትርሲት መጻሕፍት ትደረድራለች።

«ለምን እንደሚገለበጥ አላውቅም፤ አስረጂኝ» አላት። «ደግሞ የከሰስኩሽ እኔ ነኝ። ሦስት ምዕራፍ ያልኩትም ውሸት ነው።»

ዓይኗ እንባ አቀረረ።

«ጋሼ፣ እኔ እኮ እንደ እርስዎ በፈጠንኩ እያልኩ በክፍልዎ በር ቆሜ አይዎት ነበር» አለችው። ከዚያ ወንበር ሳበችለት። «ሦስት ሜትር ጨርቅ በግማሽ ግማሽ ሜትር ብንቆርጠው ስንት ቁራጭ ይወጣዋል?»

«ስድስት።»

«ለምን?»

«ከእያንዳንዱ ሜትር ሁለት ስለሚወጣ…» አለና ቆመ። «ለግማሽ ማካፈል በሁለት ማባዛት ሆነ፤ አንድ ሁለተኛ ተገልብጦ ሁለት! በቃ፣ ይኸው ነው?»

«ይኸው ነው።»

በዚያኑ ዕለት ርዕሰ መምህሩ ዘንድ ሄዶ ውሸቱን ተናዘዘ። በመምህራን ስብሰባ ፊት ተገሠጸ፤ ቻለው። ትርሲት ወደ ክፍሏ ተመለሰች።

እናንተስ፣ ወገኖቼ? «ለሰው አስቤ ነው» እያላችሁ የማንን መልካም ሥራ አስቆማችሁ? ያ ሰው ክፍሏን መንጠቅ ችሏል፤ ዕውቀቷን ግን ሊነጥቃት አልቻለም። ያገኘው ሲለምናት ነው። ቅናት ከሌላው ይወስዳል እንጂ ለእናንተ አይሰጣችሁም።

ይህን ስናገር በልባችሁ አንድ ስም መጥቷል። አውቃለሁ፣ በእኔም ልብ መጥቷል። ዛሬ ወደዚያ ሰው ሂዱ። የማታውቁትን ጠይቁት፤ ያስተምራችሁ። መጀመሪያ ግን ያደረጋችሁበትን ንገሩት።