አንድ በር ያለው ቤት

ዝም በሉና ስሙ። ተረት ነው፤ አጭር ስለሆነ ሥራ አያስፈታም።

ድሮ፣ እንስሳም መጥረጊያም በሚናገሩበት ዘመን፣ ተበጀ የሚባል ገበሬ ነበረ። ሚስቱ ይመኙሻል ትባላለች። አንዲት አህያ፣ አንድ ውሻና አንድ አውራ ዶሮ ነበራቸው።

አሮጌዋ ጎጇቸው ሁለት በር ነበራት፤ አንዱ ወደ ደጅ፣ አንዱ ወደ ጓሮ። ይመኙሻል ጠዋት ጠዋት የምድጃውን አመድ፣ የድንቹን ልጣጭ፣ ቤት ውስጥ ከሚያድረው ጥጃ ሥር የጠረገችውን እበት በጓሮ በር ታወጣና ጎመኑ ሥር ትደፋዋለች። ያ ሁሉ ፍግ ይሆናል። ጎመኑም ይወፍራል።

ኋላ ተበጀ ቆርቆሮ ቤት ሠራ። አላፊ አግዳሚው እንዲያየው ፊቱን ወደ መንገድ አዞረው፤ በሩንም አንድ አደረገው። ይመኙሻል የጓሮ በር አውጣልኝ ብትለው፣ የጓሮ በር የሌባ በር ነው አላት። ነገሩ በዚህ አለቀ።

ከዚያ ወዲህ ጉድፉ በፊት በር ወጣ። ጓሮ ለመድረስ ቤቱንም በረቱንም መዞር ያስፈልጋል። ማን ይዞራል? ተበጀም አልዞረም። ደጁ ቁልቁለት ነው፤ ከሥሩ ምንጭ አለ። ዝናብ በዘነበ ቁጥር አመዱና እበቱ ወደ ምንጩ ወረደ። ውሃው ጠቆረ፤ ጎመኑ ከሳ።

አህያዋ ጨነቃት። ውሃ የምትጭነው እሷ ናት። ይህ ምንጭ ከተበላሸ ሌላ ውሃ ያለው ገደሉ ሥር ነው። ገደሉ ሥር ደግሞ የሚኖረው አያ ጅቦ ነው።

ፀሐይ ስታዘቀዝቅ አያ ጅቦ ራሱ መጣና ከአጥሩ ውጭ ቆሞ ቤቱን አየ።

«እመት አህይት፣ የጌታሽ ቤት አሠራሩ ግሩም ነው» አላት።

«ምኑ ነው ግሩም?»

«በሩ አንድ መሆኑ። ታዲያ እኛ ሰፈር መቼ ትወርጃለሽ? ውሃችን ጥሩ ነው።»

አህያዋ ዞራ በረት ገባች። በማግስቱ ወደ ውሻው ሄደች። ውሻው፣ ደጅ ላይ የሚደፋውን ሁሉ እጮኽበታለሁ አለ። ጮኸም። ይመኙሻል አጥንት ወረወረችለት፤ ዝም አለ።

ወደ አውራ ዶሮው ሄደች። አውራ ዶሮው አጥር ላይ ወጥቶ ይመኙሻልን ገሠጻት። አፈረች። ሁለት ቀን ቤቱን ዞራ ጓሮ ደፋች። በሦስተኛው ቀን ዘነበ፤ ጭቃው አንሸራትቶ ከነቅርጫቷ ጣላት። ከዚያ በኋላ በፊት በር ደፋች።

በመጨረሻ አህያዋ በር አጠገብ የተደገፈችውን መጥረጊያ ጠየቀቻት።

«ሴትዮዋን ምን አድርጊ ትሏታላችሁ?» አለች መጥረጊያ። «በአሮጌው ቤት የጠረግሁ እኔ ነኝ፤ በአዲሱም የምጠርግ እኔ ነኝ። እጇም ያው እጇ ነው። የተለወጠው ግድግዳው ነው።»

አህያዋ ወደ ጓሮ ዞራ ግድግዳውን አነጋገረችው። ግድግዳው፣ ቁም አሉኝ ቆምሁ፣ ማንም አላማከረኝም አላት።

«ብመታህ ትቀየመኛለህ?»

«ጭቃ ነኝ። ምን ቅያሜ አለኝ?»

ኋላዋን ሰጠችው። አንድ ጊዜ ብትመታው ተሰነጠቀ። ሁለተኛ ብትመታው ጭቃው ረገፈ። ሦስተኛ ብትመታው ማገሩ ተሰበረና ብርሃን ወደ ውስጥ ገባ።

ተበጀ ዱላ ይዞ ቤቱንም በረቱንም ዞሮ እየሮጠ መጣ። ሁለት ጊዜ አሳረፈባት። ለሦስተኛው ዱላውን እንዳነሣ፣ በቀዳዳው አንድ ቅርጫት አመድ ወጥቶ ጎመኑ ሥር ተደፋ። ግማሹ እግሩ ላይ ነው።

«እዚህ ድፊ ያለሽ ማነው?» አለ ተበጀ።

«ማንም» አለች ይመኙሻል ከውስጥ። «ቀረበኝ።»

ተበጀ ቀዳዳውን አየ። ዱላውን ጣለና መጥረቢያውን ሊያመጣ ሄደ። በማግስቱ ጓሮው በር ነበረው። ምንጩ ለመጥራት አንድ ክረምት ፈጀበት፤ ግን ጠራ። አያ ጅቦ ተመልሶ መጥቶ ቤቱን ከኋላ ቢያየው፣ አሠራሩን አበላሹት ብሎ ወረደ።

እናንተም ቤት ትሠሩ ይሆናል። ሰው ጉድፉን የሚጥለው በተመከረበት አይደለም፤ በር በወጣለት በኩል ነው። ከመቆጣታችሁ በፊት በሩን አውጡ።

ይኸው ነው። ተነሡ፣ ወደ ሥራችሁ።