የሽታሁንን ልጅ ስም ማን ያውጣ?

በአንድ ወቅት፣ ለኩላሊት እጥበት በአውቶብስ ወደ ትልቁ ከተማ መመላለስ ግድ በነበረበት ዘመን፣ ሽታሁን የሚባል ባለወፍጮ ኩላሊቶቹ ሥራ አቆሙበት። ሐኪሙ ባልና ሚስቱን አስቀምጦ ነገራቸው።

«በሽታው የወንድን ዘር ያደክማል። እጥበቱ ሕይወትህን ያቆያል እንጂ ይህን እምብዛም አያስተካክልም። ንቅለ ተከላ ከተደረገልህ ግን ብዙ ጊዜ ይመለሳል።»

ሽታሁንን ከሞት ፍርሃቱ ይልቅ ይህ አንገበገበው። ወንድ አይደለህም የተባለ መሰለው፤ ሞኝ! ገና ከበር ሳይወጡ ሚስቱን ወይንእሸትን «በማርያም፣ ሆድ ይፍጀው» አላት።

ወይንእሸት ቃሏን ጠበቀች። ልጅ ሲዘገይ አገሩ ሁሉ እሷን መካን አላት፤ ሽታሁን እየሰማ ዝም አለ። ዝም አይነቅዝም ይባላል፣ የነቀዘው ግን የእሷ ስም ነበር። በስተመጨረሻ ዘመዶቹ ሽማግሌ ሰብስበው «ይፍታትና ሌላ ያግባ» አሉ። ወይንእሸት ይህንንም አንገቷን ደፍታ ሰማች። ባሏን ቀና ብላ አየችው እንጂ አልተናገረችም።

ያኔ የሽታሁን እኅት አስካለ ከተቀመጠችበት ተነሣች። አንድ ቀን ለእጥበት ስታደርሰው፣ ድካም አሸንፎት ምስጢሩን ነግሯት ነበር፤ ለማንም ላትናገር ምላለች። «በሰው ልጅ አትፍረዱ!» አለች። «የታመመው ወንድሜ ነው። ልጅ የከለከላቸው በሽታው ነው።» ሽማግሌዎቹ ጋቢያቸውን ሰብስበው ወጡ። ትዳሩ ተረፈ። ሽታሁን ግን «ከዛሬ ጀምሮ እኅት የለኝም» ብሎ በሩን ዘጋባት።

ወሬው ታናሽ ወንድማቸው ልየው ጆሮ ደረሰ። ልየው ሠርጉ ተቃርቦ ነበር። ኩላሊቴን እሰጣለሁ ሲል አማቶቹ ቱግ አሉ፤ በዚያ አገር ኩላሊት የሰጠ ወንድ አይወልድም ይባላላ! ሐኪሙ «አንዱ ይበቃዋል፣ ይወልዳል» ቢላቸው «እንግዲያው ሐኪሙ የራሱን ሴት ልጅ ይዳርለት» አሉ። እጮኛው ቀለበቱን መለሰችለት። ልየው ቀለበቱን ኪሱ ከቶ ወደ ቀዶ ሕክምናው ሄደ።

ኩላሊቱ ተስማማ። ሽታሁን አገገመ፣ ውሎ አድሮም ወይንእሸት ወንድ ልጅ ወለደች።

በዚያ ቤት የበኩር ልጅን ስም የሚያወጡት አያት ናቸው። አያት ካለፉ አባትየው ክብሩን ውለታ ላለበት ሰው ይሰጣል፤ አንዴ ከሰጠ መመለስ የለም። የሽታሁን አባት ደግሞ ካረፉ ቆይተዋል። በክርስትናው ዕለት ሽታሁን ልጁን ታቅፎ ቆመ።

«ቻለው ይባል» አለች ወይንእሸት። «የቻልኩትን አንተ ታውቃለህ።»

ሳይጠሯት የመጣችው አስካለ ከደጃፉ ሆና «እውነቱ ይባል እንጂ!» አለች። «እኔ ባልናገር ኖሮ ይቺ ሴት ዛሬ እዚህ ቤት ነበረች?» ሽታሁን ፊቱን አዞረባት። ልጁ በተጠራ ቁጥር ያ ቀን ሊነሣ ነው።

ልየው ዘግይቶ ተናገረ። «እኔ ስም አላሰብኩም» አለ። «ግን ሌላ የምሰይመው ልጅ እንደሚኖረኝ ማን ያውቃል?»

እንግዳው ሁሉ ጉርሻውን በእጁ እንደያዘ ቀረ። ሽታሁን ሦስቱንም አየ፣ አፉን ከፈተ፣ መልሶ ዘጋ። እሱን መጠየቅ ከንቱ ነው፤ ዝምታ ለምዷል። እስቲ እናንተ ፍረዱ፦ ስሙን ማውጣት የሚገባው ለማን ነው? ለቻለችው፣ ለተናገረችው ወይስ ለሰጠው?