ጠልፎ መጣልን ያስተማረው አያ ጅቦ

አንድ ጊዜ፣ ጅብ ሳይቀር «አሰልጣኝ» ተብሎ በሚከበርበት ዘመን፣ የዱር አራዊት ልጆች የቅርጫት ኳስ ይጫወቱ ነበር። ኳሷ ከፍየል ቆዳ ተሰፍታ ገለባ የተጠቀጠቀባት ናት። ቅርጫቱ ከዋርካው ቅርንጫፍ ላይ ተንጠልጥሏል። ዳኛው አንበሳ ነው። አንበሳ ግርማው እንዳለ ቢሆንም ዓይኑ ደክሟል፤ ከአፍንጫው ትንሽ ራቅ ያለውን ነገር በቅጡ አያይም። ይህን ሁሉም ስለሚያውቅ ሜዳው አንድ ልማድ ነበረው። ልጁ ያጠፋበት አሰልጣኝ፣ ዳኛው ባያይ እንኳ፣ የፊት እግሩን አንስቶ «ጥፋቱ የእኛ ነው» ይላል።

የጅብ ቡችሎችን የሚያሰለጥነው አያ ጅቦ ይህን ልማድ በሰማ ቁጥር ሆዱን ይዞ ይስቅ ነበር። «በገዛ እግሬ በልጆቼ ላይ ልመስክር? ሞኛችሁን ፈልጉ» ይላል። ሞኝ ፍለጋ ሩቅ መሄድ እንደማያስፈልግ ማን ይንገረው።

በዚያ ዓመት በጋው ከረረ። አንበሳም «ጅቦቹ ካሸነፉ የሰንጋ ታፋ፣ አህዮቹ ካሸነፉ ክረምት እስኪገባ የምንጩ ዳር ጨፌ» ብሎ ሽልማት ቆረጠ። የአህዮቹ አሰልጣኝ እማማ አህያ ይህን ስትሰማ ዞር ብላ ውርንጭሎቿን አየች። የጎድን አጥንታቸው ፈጦ ይታያል። የጨፌውን ሣር ካላገኙ መጪውን ዝናብ የማያዩ እንዳሉባቸው ታውቃለች።

አያ ጅቦ ደግሞ ታፋ የሚለውን ቃል ከሰማ ጀምሮ እንቅልፍ አጣ። ቀበሮ ዘንድ ገሰገሰ።

«መላ በለኝ። ልጆቼ ኳስ ሲያዩ የሚሮጡት ሊበሏት ነው።»

«ማስተማር ነዋ» አለው ቀበሮ።

«ማስተማር ጊዜ ይፈጃል።»

«እንግዲያው ጠልፎ መጣልን አስተምራቸው፤ እሱ ቶሎ ይገባቸዋል። ደግሞ አንድ ጎልማሳ ጨምርበትና ስሙን ማሙሽ በለው።»

ቀበሮ ለምክሩ ምንም አልጠየቀም። በነጻ ከሚመክር ቀበሮ መሸሽ እንደሚገባ ጅብ ሆኖ የሚያውቅ የለም።

ከማግስቱ ጀምሮ ልምምዱ ይኸው ሆነ። ኳሷን ዞር ብሎ ያያት አልነበረም። «ሲሮጥ እግሩን ጥለፈው፤ ሲወድቅ ጆሮውን ንከሰው። ዳኛው ሲቀርብ አንተው ወድቀህ አልቅስ» ይላል አያ ጅቦ።

አንዲት ቡችላ «ጋሼ፣ ይሄ ጥፋት አይደለም ወይ?» ብላ ጠየቀችው።

«ዳኛ ያላየው ጥፋት የለም። በይ ድገሚው።»

ደገመችው። ሌሎቹም ደገሙት። ከአህያ የዋለች ጊደር ፈስ ተምራ መጣች ይባላል፤ ከአያ ጅቦ የዋለ ቡችላ ታዲያ ምን ተምሮ ሊመጣ ኖሯል?

የጨዋታው ቀን አንበሳ ተጫዋቾቹን አሰልፎ ሲመለከት ማሙሽ ዘንድ ደርሶ ቆመ። ማሙሽ ጋማው የተንዠረገገ፣ ትከሻው አሰልጣኙን የሚያህል ጅብ ነበር።

«ይሄም ልጅ ነው?» አለ አንበሳ።

«ሕፃን ነው ጌታዬ። ጡት ከጣለ ገና መንፈቁ ነው» አለ አያ ጅቦ።

ይህን ሲል ከተመልካች መካከል አንድ ጩጬ ጅብ ማሙሽን እያየ «አባዬ፣ በርታ» አለ።

«እኔን ነው፣ እኔን ነው» አለ አያ ጅቦ ተጣድፎ። ቀበሮም ከጎን ሆኖ «የጌታዬ ዓይን መቼ ተሳስቶ ያውቃል» አለ። አንበሳ ደግሞ ሲያሞግሱት ይወዳል፤ ማሙሽን አሳለፈው።

አያ ጅቦ ግን ይህ አልበቃውም። «ይልቅ እነዚያን ውርንጭሎች ይመርምሩልኝ። የልጅ ጆሮ እንዲህ ይረዝማል? ዕድሜያቸውን ደብቀው ነው» አለ።

እማማ አህያ ቀና ብላ አየችውና «አያ ጅቦ፣ ሳታመኻኝ ብላኝ» አለችው። የሰማ ሁሉ ሳቀ። አያ ጅቦም አብሮ ሳቀ፤ በማን እንደሚሳቅ አልገባውም።

ጨዋታው ተጀመረ። ውርንጭሎቹ ኳሷን ሲይዙ እየተጠለፉ፣ ሲወድቁ እየተነከሱ ተጫወቱ። አንበሳ ሲጠጋ የሚያለቅሱት ቡችሎቹ ናቸው። አያ ጅቦ አንድም ጊዜ እግሩን አላነሳም። እንዲያም ሆኖ ውርንጭሎቹ ተግተው ስለነበር ፀሐይ ስታዘቀዝቅ እኩል ለእኩል ነበሩ፤ የቀረው አንድ ኳስ ብቻ ነው።

ያኔ ኳሷ ከሜዳው ወጣች። አንበሳ ዓይኑን አጨንቁሮ ቢያይ ቢያይ ማን እንዳወጣት ሊለይ አልቻለም። በግምት «ኳሷ የአህዮቹ ናት» አለ። እማማ አህያ ግን ዳማ የምትባለው ትንሿ ውርንጭላ በሰኮናዋ ስትነካት አይታለች። የልጆቿን ጎን አየች፤ ጨፌውን አየች። ከዚያ የፊት እግሯን አነሳች።

«ጥፋቱ የእኛ ነው» አለች።

ኳሷ ለጅቦቹ ተሰጠች፤ ማሙሽም አንዴ ዘሎ ቅርጫቱ ውስጥ ከተታት። አያ ጅቦ ሜዳው መካከል ተንከባለለ። «ሞኝ ቢሉ እንዲህ ያለ ሞኝ! ራሷ ሰጠችን» እያለ ሳቀ።

ዳማ እያነከሰች መጣች። «ዳኛው አላየም ነበር እኮ፣ እማማ።»

«እናንተ ግን እኔን እያያችሁኝ ነበር» አለች እማማ አህያ። እንባዋ መጣ፤ ከልጆቿ ፊት ላለማልቀስ ዞር አለች።

አያ ጅቦ ታፋውን በአፉ ነክሶ በገደሉ አፋፍ ወደ ዋሻው ሲያዘግም ቡችሎቹና ማሙሽ ተከተሉት። ታፋው ለጅቦቹ ሁሉ የተሰጠ ሽልማት መሆኑን እንደረሳው ከአካሄዱ ገብቷቸዋል። መንገዱ ሲጠብ አንድ እግር እግሩን ጠለፈው፤ ሌላው ከኋላ ገፋው። ታፋው ከአፋፉ ላይ ቀረ፤ አያ ጅቦ ቁልቁል ተንከባሎ እሾህ ውስጥ ገባ።

«ማነው የጠለፈኝ?» ሲል ጮኸ። «ያጠፋ እግሩን ያንሳ!»

እግሩን ያነሳ አልነበረም፤ ሁሉም በእግሩ ሥጋ ይዟል። ያቺ ቡችላ ብቻ አንገቷን ብቅ አደረገች።

«ጋሼ፣ ዳኛው አይቷል?»

«ዳኛው እዚህ ምን ያደርጋል!»

«እንግዲያው ጥፋት የለም» አለችና ወደ ድርሻዋ ተመለሰች። ከጎኗ ቀበሮ ተቀምጦ ቅልጥም ይግጣል።

በማግስቱ ጠዋት አራዊቱ ምንጩ ዘንድ ተሰብስበው ሳለ አያ ጅቦ እያነከሰ አንበሳ ፊት ቀረበ።

«ጌታዬ፣ ተዘረፍኩ። የገዛ ልጆቼ ጠልፈው ጣሉኝ።»

«እኔ አላየሁም» አለ አንበሳ።

«ግፍ እኮ ነው! ጠልፎ መጣልን ያስተማርኳቸው የአህያን ልጆች እንዲጥሉበት እንጂ እኔን እንዲጥሉበት ነው? ማሙሽስ ቢሆን? አባወራ ሆኖ፣ ልጆቹን ኩሎ ድሮ እንዲህ ያደርጋል?»

ቀበሮ ቀስ ብሎ ወደ ቁጥቋጦው ገባ።

«ያረጀው ዓይኔ ነው፤ ጆሮዬ ደህና ይሰማል» አለ አንበሳ። «ከዛሬ ጀምሮ ልጅ ይዘህ ሜዳ ዳር እንዳላይህ። ጨፌውም የአህዮቹ ነው።»

«ታፋውስ?» አለ አያ ጅቦ።

እማማ አህያ ልጆቿን አስከትላ ጨፌው ውስጥ ገብታለች፤ ዳማም አንገቷን ደፍታ ሣሩን ትግጣለች።

ከዚህ የምንማረው፣ ለማሸነፍ ብሎ ለልጅ መጥለፍን የሚያስተምር አሰልጣኝ፣ ልጁ ጎበዝ ተማሪ በሆነ ቀን የሚጠለፈው የራሱ እግር መሆኑን ነው።