ንብ የሰፈረበት የጭስ መውጫ

ተረት ልንገራችሁ፤ «ይምጣ!» በሉኝ። መጣ እንግዲህ።

ድሮ፣ ዕቃ ሁሉ አፍ በነበረው ዘመን፣ ክረምቱን ባዶውን በከረመ ቤት ውስጥ አንዲት ድመት ምድጃ ሥር ወለደች። ልጆቿ ገና ዓይናቸውን አልገለጡም። የጥቅምት ብርድ ሲጠና እሳት ከእንቅልፉ ነቃና ነደደ። ጭስ በጭስ መውጫው ወደ ላይ ወጣ፤ ተመለሰ። ደግሞ ወጣ፤ ደግሞ ተመለሰ። ቤቱ በጭስ ታፈነ፤ ልጆቹም ይስሉ ጀመር።

ጥግ የቆመው ረጅሙ መጥረጊያ ብድግ አለ።

«ዘወር በሉ! ይኸን ጥላሸት አንድ ጊዜ ዘልቄ ላውርደው!»

«ቆይ፣ አያ መጥረጊያ» አለች ድመት። «ያላየኸውን አትጥረግ።»

«እመት ድመት፣ እኔ ጠራጊ እንጂ መርማሪ ነኝ? ልጆችሽ እየታፈኑ ወግ ይዘሻል?»

መጥረጊያ ምን ያድርግ፤ ጭንቅላቱም ጭራሮ ነው።

«ስለ ልጆቼማ ነው የማየው» አለችና እሳትን «ወንድሜ፣ እስቲ ተዳፈን» አለችው። ተዳፈነ።

መጀመሪያ ጭስን ጠየቀችው። «ምን መለሰህ?»

«መሐል ላይ የሚያግደኝ አለ። አምና አልነበረም» አላት።

ቀጥላ አሸተተች፤ ሰም ሰም ሸተታት። በመጨረሻ ጆሮዋን ግድግዳው ላይ ለጠፈች። ዝዝዝ ይላል! ይኼኔ ድመት ነገሩ ገባት። ቀና አለችና፣ እንደ ጨዋ እንግዳ ተጣራች።

«ቤቶች!»

«ማነው?» አለች ንግሥቲቱ ንብ ከላይ።

«የታች ቤት ጎረቤትሽ ነኝ።»

«እንኳን ጠራሽን። ሳይጣራ የሚገባውን በመርፌ ነበር የምንቀበለው። ከሥር ለተኙትም አንራራም።»

መጥረጊያ ይህን ሲሰማ ጭራሮው ሁሉ ቆመ።

«ደጁ ካለው ዋርካ ላይ ባዶ ቀፎ ተሰቅሏል» አለች ድመት። «እንግዳ ናፈቀኝ ሲል ዓመቱን ሙሉ ያለቅሳል። ሂዱለት፤ እኛም እንተንፍስ።»

ቀፎው ከውጭ ሰምቶ «ኑልኝ! በወይራ ታጥኜ እየጠበቅኋችሁ ነው!» ብሎ ጮኸ።

ንቦቹ በላይ በኩል ወጥተው ሄዱለት። ያን ጊዜ ድመት «በል እንግዲህ፣ አያ መጥረጊያ፣ አሁን ያንተ ተራ ነው» አለች። ዘልቆ ጠረገ፤ ጠቁሮ ወረደ። እሳት ነደደ፤ ጭስ ወጣ፤ አልተመለሰም። ልጆቹ በሙቀቱ ተኙ። ብዙም ሳይቆይ ቀፎው ማር ሞላ።

ከዚያ ወዲህ መጥረጊያ በየዓመቱ፣ ጭስ መውጫው ውስጥ ከመግባቱ በፊት ቀና ይልና «ቤቶች!» ይላል። የሚመልስለት ሲያጣ ብቻ ይጠርጋል።

ሳያይ የጠረገ፣ ጥላሸት ሲሻ ንብ ያወርዳል። ተረቴን መልሱ፤ አፌንም በዚያው ማር አብሱልኝ።