ጌታ በኮሶ አይሞትም

አንድ አገረ ገዥ ነበረ። ድንገት ስለ ሞቱት መሪያችን ጠይቀኸኛልና፣ ልጄ፣ የዚህን ገዥ ሞት ልንገርህ።

ሰውየው ፈረስ የማይጥለው፣ ጦር የማይመልሰው ነበረ። ጥሬ ሥጋም ይወዳል፤ ጥሬ ሥጋ ከሚወድ ሰው ሆድ ደግሞ ኮሶ አይጠፋም። አንድ ማለዳ በሩን አስዘግቶ የኮሶ መድኃኒት ጠጣ። በማግስቱ ዘመቻ ነበረበትና ቸኮለ። ቶሎ ባያሽረው ደገመ፣ ሠለሰ። ፀሐይ ሳትጠልቅ ሞተ።

ሚስቱ አፈረች። «ያን የሚያህሉ ጌታ በኮሶ ሞቱ ተብሎ ሊለቀስላቸው ነው?» አለችና «ዐረፉ» ከማለት በቀር አፏን ዘጋች።

አገሩ ግን አፉን አልዘጋም። አንዱ መልአክ ነጠቀው አለ። ሌላው አልሞተም፣ ገዳም ገብቷል፣ ክፉ ዘመን ሲመጣ ይወጣል አለ። የሚበዛው ሰው ግን መርዝ ነው አለ፤ መርዝ ከተባለ ደግሞ መራዥ መገኘት አለበት። ከሞቱ በፊት በነበረው ማታ ጠጅ የቀዳለትን አሳላፊ ያዙት።

«በመዳፌ አንቆርቁሬ፣ ቀምሼ አይደለም ወይ የሰጠኋቸው? ሁላችሁም አይታችኋል!» አለ።

«ማርከሻውን ቀድመህ ጠጥተሃላ!» አሉት።

ሊሰቅሉት ዋርካ ሥር ሲያቆሙት ሚስቲቱ ፀጉሯን ተላጭታ፣ ማቅ ለብሳ መጣች። እፍረቷን ዋጠችና በሕዝቡ ፊት ተናገረች።

«ልቀቁት፤ ምንም አላደረገም። ጌታዬን የገደላቸው የኮሶ መድኃኒት ነው። አልሽር ቢላቸው አብዝተው ጠጡ። በጥብጬ የሰጠኋቸውም እኔ ነኝ።»

ከዚያ አንድ ሽማግሌ «በኮሶ የምንሞተው እኛ ነን። ጌታ በኮሶ አይሞትም! በጥብጬ ሰጠሁ ያለችውን ግን ሰምታችኋል» አለ። አሳላፊውን ፈትተው በዚያው ገመድ እሷን አሰሯት።

ልጄ፣ ትልቅ ሰው በትንሽ ነገር ሲሞት ሰው ይፈራል። ጌታን ያልማረ ኮሶ እኔን ይምረኛል ወይ ይላል። ስለዚህ ለትልቅ ሬሳ ትልቅ ገዳይ ይፈልግለታል፤ ሲያጣም ይሠራለታል። እኔ መሪያችን በምን እንደ ሞቱ አላውቅም፤ ገዳይም ይኖር ይሆናል። ነገር ግን አንተም ስትመጣ «የኔታ፣ ማን ገደላቸው?» አልኸኝ እንጂ «ታመው ነበር ወይ?» አላልኸኝም።