አልጣሽ ዋስ የሆነችለት እጅ

ተረት ተረት።

የላም በረት።

በሉ በረቱን በደንብ ዝጉና ጠጋ ጠጋ በሉ። አንተ ከበሩ ዞር በል፣ ብርድ ታስገባብናለህ። የዛሬው ተረቴ ስለ አንዲት ሴት ነው። እሷን ሳስብ ልቤ ይሞቃል። እናንተም ትወዷታላችሁ፤ ካልወደዳችኋት ጥፋቱ የእኔ አነጋገር ነው እንጂ የእሷ አይደለም።

በድሮ ዘመን፣ ከወንዝ ማዶ ባለች መንደር፣ አልጣሽ የምትባል ሴት ነበረች። እናትና አባቷ ሞተውባታል። ያላት አንድ ወንድም ብቻ ነው፤ ስሙም ይመር ይባላል። ይመር ሳቂታ ነው፣ ሰውም ይወዳል። በዚያችው መንደር ደግሞ ጓንጉል የሚባል ሰው ነበረ። ጉልበቱ የበረታ፣ ግራ እጁ የሚቀድመው፣ ቃል የማያበዛ ሰው ነው። ሰው ሲስቅ ፊቱ ይጠቁራል። ድንገት ከነኩት ይማታል። የሁለት ሰው ጥርስ አውልቋል፣ የአንዱንም ክንድ ሰብሯል። ስለዚህ ሁሉም ይሸሸዋል። ይመር ብቻ አይሸሸውም ነበር።

አንድ ቀን መንደሩ ጤፍ ሊወቃ አውድማ ላይ ተሰበሰበ። ከዚያም አንዱ በሬ አፉን እንቅብ ውስጥ ከተተና እንቅቡ ቀንዱ ላይ ተሰካ። በሬው እንቅብ አጥልቆ ሲዞር ሰው ሁሉ በሳቅ ወደቀ። ጓንጉል ግን ጀርባውን ሰጥቶ በመንሽ ገለባ ያነሳ ነበርና በሬውን አላየም። ሳቁን ብቻ ሰማ። በዚያው መሀል ይመር ጠላ በዋንጫ ይዞ ከግራው በኩል መጣና ትከሻውን ነካ አደረገው። ጓንጉልም ዞር አለና በያዘው መንሽ አናቱን መታው። ይመር ወደቀ። ጠላውም ፈሰሰ።

ይመር አልሞተም፤ ግን አይነሳም፣ አይናገርም። መንደርተኛውም ወሬውን ጀመረ። አንዱ፦ «ጓንጉል ዛር አለበት» አለ። ሌላው፦ «የለም፣ አጥንቱ ነው። ያሳደገው አጎቱም እጀ ፈጣን ነበር» አለ። ሌላው ደግሞ በጠላው አሳበበ፤ ጠላውን የጠጣው ግን መሬት ነው።

ያን ጊዜ ሕጉ እንዲህ ነበር። ከሳሽና ተከሳሽ በአንድ ሰንሰለት እጅ ለእጅ ይታሰራሉ። ቁራኛ ይባላል። እንደታሰሩም ዳኛው ወዳሉበት አገር ይሄዳሉ። ከሳሽ ከተገኘ፣ ሰው የመታ እጅ ይቆረጣል፤ ጓንጉልን ግን እስከዚያ ቀን ደፍሮ የከሰሰው አልነበረም። አልጣሽ መጣችና እጇን ዘረጋች።

የመንደሩ ሽማግሌ አያ ምትኩም፦ «ልጄ፣ ሴት ከእንዲህ ያለ ሰው ጋር አትታሰርም። ወንድ ዘመድ ፈልጊ» አሏት።

አልጣሽም፦ «አያ ምትኩ፣ ወንድ ዘመዴማ ቤት ተኝቷል። እሰሩኝ። እጁ ሲቆረጥ በዓይኔ ማየት እፈልጋለሁ» አለች።

ምን ይበሏት? የጓንጉልን ግራ እጅ ከእሷ ቀኝ እጅ ጋር አሰሩት። መንገዱ የሁለት ቀን ነው። ሽማግሌው በአህያቸው ከኋላ ተከተሉ። አህያዋ ግን የራሷ ሐሳብ ነበራትና በየሣሩ ትቆም ነበር።

ከዚያም አልጣሽ በግራው እየሄደች መናገር ጀመረች። «ይመር ምን አደረገህ?» አለችው። ዝም። «ክፉ ተናግሮህ ያውቃል?» ዝም። «የሰውን ልጅ ጥለህ እንዴት እህል ይዋጥልሃል?» ዝም። ወደ ፊት እያየ ይራመዳል። አልጣሽ ደሟ ፈላ። ወንድሜን ጥሎ ደግሞ ናቀኝ፣ አፉን ሊከፍትልኝ እንኳ ተጠየፈኝ አለች በልቧ። ንቀቱ ከአደጋው ይልቅ አንገበገባት። ወንዝ ሲደርሱ ሰንሰለቱን ጎተተችና በግራ እጇ ድንጋይ አነሳች። ፊት ለፊቱ ቆማ ከፍ አደረገችው። ሽማግሌው ገና ከአህያቸው ጋር ይሟገታሉ።

ጓንጉል ድንጋዩን አየ። እጁን አላነሳም። ቁጢጥ አለና በቀኝ መዳፉ ግራ ጆሮውን ሸፈነ፣ ዓይኑንም ጨፈነ። ያ ግዙፍ ሰው የሰባት ዓመት ልጅ መሰለ።

አልጣሽ ድንጋዩን እንደያዘች ቆመች። በቀኙ በኩል ዝቅ ብላም፦ «ለምን ጆሮህን ትይዛለህ?» አለችው።

እሱም፦ «ልማድ ሆኖብኝ ነው» አለ። «አጎቴ እዚህ ላይ ነበር የሚመታኝ። ከኋላ ይመጣል። ስበላም ይመታኛል፣ ስተኛም ይመታኛል፤ መቼ እንደሚመጣ አላውቅም። አንድ ቀን ጆሮዬ ደማ። ከዚያ ወዲህ በግራዬ አልሰማም።»

«ታዲያ ስናገርህ የዋልኩት?»

«ተናግረሽኛል እንዴ?»

አልጣሽ ድንጋይ የያዘ እጇን ዝቅ አደረገች። ከዚያም፦ «ለሰው ለምን አልነገርክም?» አለችው።

«እንዳይስቁብኝ። ሲስቁ ሳቁን እሰማለሁ፣ ያሳቃቸውን ግን አልሰማም። የጎደለውን ራሴ እሞላዋለሁ። የምሞላውም ሁልጊዜ በስድብ ነው። ያን ዕለት ሳቁን ሰማሁ፣ ከዚያ ትከሻዬን አንድ እጅ ነካኝ። አጎቴ መሰለኝ። አጎቴ ከሞተ አሥር ዓመቱ ነው።»

ልጆቼ፣ አልጣሽን የምወዳት እዚህ ላይ ነው። ሌላ ሰው ቢሆን ያለቅስ ወይም ይራገም ነበር። እሷ ግን በእጇ ያለውን ድንጋይ አየችው። እኔም ዝምታውን የሞላሁት በስድብ ነው፤ እኔንስ ማን መታኝ አለች በልቧ። ድንጋዩንም ወንዙ ውስጥ ጣለችው። ወዲያው ይቅር አለችው ብዬ ግን አልዋሻችሁም። ወንድሟ ገና ተኝቷል። ያን ቀን ሙሉ በንዴት ተራመደች፤ ብቻ ዞራ በቀኙ ሄደች።

በቀኙ ስትሄድ ሰንሰለቱ ሆዱ ላይ ተጋደመና ሁለቱም ተጣመው ይራመዱ ጀመር። መንገደኞች አዩአቸውና ሳቁ። የጓንጉል ፊት ጠቆረ። አልጣሽም፦ «በእኛ አስተሳሰር ነው የሚስቁት። ሰካራም ነው ያሰራቸው ይላሉ» አለችው። ጓንጉል ሰንሰለቱን ወደ ታች አየ። «እውነታቸውን ነው» አለና እሱም ሳቀ። የጎደለውን ሰው ሲሞላለት ያ የመጀመሪያው ነበር።

በማግሥቱ ዳኛው ፊት ቀረቡ። ዳኛውም ጓንጉልን፦ «ምን ትላለህ?» አሉት።

ጓንጉልም፦ «መትቻለሁ፣ ጌታዬ። እጄን ቁረጡት። እኔም ፈርቼዋለሁ» አለ።

አልጣሽ ግን የሰማችውን ሁሉ ተናገረች። ዳኛው ራሳቸውን ነቀነቁ። «የተመታ ሁሉ ይማታል እንዴ?» አሉ። «እኔም ልጅ ሳለሁ በጅራፍ ተገርፌያለሁ። ይኸው ሰው መትቼ አላውቅም።»

አልጣሽም፦ «ጌታዬ ሲገረፉ፣ በኋላ የሚያባብልዎ ሰው ነበረ?» አለች።

ዳኛውም፦ «አያቴ ነበረች» አሉ። «ቅቤ ትቀባኝ ነበር።»

«እሱ ማንም አልነበረውም» አለች አልጣሽ።

አዎ ልጆች፣ ዳኛው አያት ነው ያሉት። እኔ አልጨመርኩበትም። ምን ያስቃችኋል?

ዳኛውም፦ «ምክንያቱ ገብቶኛል፤ የወንድምሽን ራስ ግን ምክንያት አይጠግነውም። ምን ይሁንልሽ?» አሏት።

«እጁ ይቆይና ይሥራበት። ይመር ድኖ በገዛ አፉ ይበቃል እስኪል ድረስ እርሻውን ይረስለት፣ እህሉን ይሰብስብለት።»

«ደግሞ ቢመታስ? ዋሱ ማነው?»

ጓንጉል መሬት መሬት ያያል። አልጣሽ፦ «እኔ» አለች።

ዳኛውም፦ «እንግዲያው ይህ እጅ ዳግመኛ ሰው ላይ ካረፈ የሁለታችሁም እጅ ይቆረጣል» ብለው ፈረዱ። ሰንሰለቱም ተፈታ።

ወደ መንደር ተመለሱና ሥራው ተጀመረ። አልጣሽ መጀመሪያ ለመንደርተኛው ነገረች። ጓንጉልን የሚፈልግ በቀኙ ይምጣ፣ ስሙንም ይጥራ አለች። ከዚያም ለጓንጉል፦ «እጅህ ሲነሳ ዞር በል። ፊቱን እይ። ስሙን ጥራው። ስሙን ጠርተህ ካበቃህ በኋላ መምታት ካማረህ ምታ» አለችው። ቀላል መሰላችሁ? ስንት ቀን እጁ አየር ላይ ቀርቶ እሷ ቀኝ እጇን በሌላው እጇ ጨብጣ ቆማለች። አንድ ቀን ፍየል መታ። ፍየሏ ሰው ስላልሆነች ታለፈ።

ለፋሲካ ይመር አፉን ፈታ። በሰኔ በዱላ ቆመ። ጓንጉል አርሶለታል፣ አርሞለታል፣ አጭዶለታል። ይመር ግን ደጁ ተቀምጦ ያየዋል እንጂ አያናግረውም። አልጣሽም አልለመነችውም። ራሱ የተፈነከተው እሱ ነው፤ ይበቃል ማለትም የእሱ ነው።

ዓመቱ ዞረና እንደገና አውድማው ላይ ጤፍ ተወቃ። ጓንጉል መንሹን ይዞ ገለባ ያነሳል። አልጣሽ ከአውድማው ማዶ በሬ ትነዳለች። ሰዎቹም በሆነ ነገር ሳቁ። አልጣሽ ቀና ስትል ይመር በዱላው እያነከሰ፣ ጠላ በዋንጫ ይዞ፣ በጓንጉል ግራ በኩል ሲመጣ አየች። ሆን ብሎ ነው። በዓይኑ ሊያይ ፈልጓል። ልትጣራ አፏን ከፈተች፤ ግን በዚያ ጆሮ እንደማይሰማት ታውቃለች። ይመር ደረሰና ትከሻውን ነካው።

መንሹ ተነሳ። በሬዎቹ ሳይቀሩ ቆሙ። ጓንጉል ዞር አለ። ፊቱን አየ።

«ይመር» አለ።

ከዚያም መንሹ ቀስ እያለ ወረደና መሬት ነካ።

ይመርም ዋንጫውን ዘረጋለት። «ያዝ» አለው። «ያለፈው ሳትጠጣው ነው የፈሰሰው።»

ጓንጉል በዚያው በግራ እጁ ተቀበለና ጠጣ። ይመርም ከጎኑ ገለባው ላይ ተቀመጠና፦ «ይበቃል» አለ። አልጣሽ ከማዶ ሆና ቀኝ እጇን አየችው፤ ከዚያ በሬዋን መንዳት ቀጠለች።

ተረቴ እዚህ ላይ ቆመ። እናንተ ደግሞ ተረቴን መልሱልኝና አፌን በትኩስ ቂጣ አብሱልኝ። ቂጣውን የምታመጡልኝ ግን ፊት ለፊት ኑ፣ ስሜንም ጥሩ።