ቀበሮ ያነበበው የምንጩ ታሪክ

አንድ ጊዜ በአንድ ደረቅ ቆላ ውስጥ አህዮችና ጅቦች ከአንድ ምንጭ ይጠጡ ነበር። አያ አንበሶ ገና ጉልበት በነበረው ዘመን «ምንጩ ዳር ደም ያፈሰሰ ከእኔ ጋር ይተያያል!» ብሎ ስለ ነበር፣ አያ ጅቦ የአህያ ሽታ አፉን በምራቅ ቢሞላውም ውኃውን ጠጥቶ፣ ምራቁን ውጦ ይመለሳል። በዚህ ሰላም የከፋው ቀበሮ ብቻ ነበር። ጅብ ካልገደለ ለቀበሮ ትርፍራፊ ከየት ይመጣል?

አንድ ቀን ቀበሮ መንገደኞች ረስተውት የሄዱትን መጽሐፍ አገኘ። መጽሐፉ የዚያን ቆላ የጥንት ታሪክ የሚተርክ ነበር። ብብቱ ሥር ሸጎጠና በቀጥታ ወደ ጅቦች ዋሻ ሄደ።

«አያ ጅቦ፣ የአያትህ ታሪክ እዚህ ተጽፏል።»

«ስለ ሥጋ ያወራል?» አለ ጅብ።

«ታገሥ እንጂ! “በድርቁ ዘመን ምንጩን ያገኘው ጅብ ነው” ይላል። አህዮች ግን በኋላ መጥተው ቀሙት። አያትህም ምንጩ ዳር ቆሞ በውኃ ጥም ሞተ።»

«አያቴን? አህያ?»

«ተጽፏል እኮ ነው የምልህ!»

ጅብ ማንበብ አይችልም። መጽሐፉን አሸተተው፤ ላሰው፤ ከዚያም አለቀሰ። አያቱን አንድም ቀን አይቶት አያውቅም፤ ያም ሆኖ ከልቡ አለቀሰ። በማግስቱ ጅቦች ሁሉ ስለ አያታቸው እያላዘኑ ምንጩን ከበቡ።

አያ አንበሶ አርጅቶ ነበር፤ ሆኖም እንደ ምንም ተነሥቶ ሁሉንም ሰበሰበ። ከአህዮች መካከል ፊደል የቆጠረች አንዲት ብቻ ነበረች። ግንባሯ ላይ ነጭ ምልክት ስላላት ቦራ ይሏታል።

«መጽሐፉን እኔም ልየው» አለች።

ቀበሮ ወደ ኋላው ሊደብቀው ሲል አንበሳ አጉረመረመበት። ሳይወድ በግድ ሰጣት። ቦራም ጮክ ብላ አነበበች፦

«በድርቁ ዘመን ምንጩን ያገኘው ጅብ ነው። ውኃው ከመሬት ሥር እንዳለ በአፍንጫው አሸተተ፤ መቆፈር ግን አቃተው። አህያ መጥታ በኮቴዋ ቆፈረችለት። ሁለቱም ጠጡ፤ ሁለቱም ዳኑ።»

ጅብ ጸጉሩን አቆመ።

«አያቴን አህያ አዳነችው ነው የምትይኝ? የቀበሮው ንባብ ይሻለኛል!»

ቦራ ወደ ወገኖቿ ዞረች። የአህዮቹ ሽማግሌ ጆሮውን ወደ ኋላ ጥሎ ይመለከታታል።

«አንቺ ልጅ፣ ምንጫችንን ጅብ ነው ያገኘው ብለሽ በጅብ ፊት ታነቢያለሽ? እሱን ብታልፊው ምን ነበረበት?»

«የተጻፈውን ነው ያነበብኩት፣ አባባ።»

«እንግዲያው ከጻፈው ጋር ኑሪ!» ብሎ ጀርባውን ሰጣት። ሌሎቹም ተከትለውት ሄዱ። አያ አንበሶም አዛጋና «ታሪክ ያደክመኛል፤ እናንተው ጨርሱት» ብሎ ተኛ።

ቦራ መጽሐፉን ከፊቷ እንደ ዘረጋች ብቻዋን ቀረች።

«አያ ጅቦ፣ ና አብረን እናንብበው። ፊደሉን እኔ አስተምርሃለሁ» አለችው።

ጅብ ጠጋ አለ። ፊደሎቹንም ለአፍታ ያህል አየ። ቀበሮ ግን ከኋላው ሆኖ «በውኃ ጥም የሞተውን አያትህን አስበው እንጂ!» አለው። ጅብ አሰበው። እያሰበም በላት። ቀበሮም ድርሻውን አገኘ።

አህዮቹ ምንጩን ጥለው ተሰደዱ። የቦራ ልጅ፣ ገና ጡት ያልጣለች ውርንጭላ፣ መንገድ ላይ ሽማግሌውን «እናቴን ለምን በሏት?» ብላ ጠየቀችው።

ሽማግሌው ዞር ብሎ ሳያያት «እናትሽ የጅብ ወዳጅ ነበረች፤ ወዳጆቿ በሏት» አላት።

ውርንጭላዋ ፊደል አታውቅም። አመነችው፤ በእናቷም አፈረች።

ከዚህ የምንማረው፣ የአባቶቹን ታሪክ ራሱ ገልጦ የማያነብ ሁሉ የተራበ አንባቢ በመረጠለት ጠላት ላይ እንደሚዘምትና እውነቱን ያነበበለትን ወገኑንም አሳልፎ እንደሚሰጥ ነው።